ለሠርግ የወጣው ካባ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጄ ትስቅብኛለች። የምኖረው ደባርቅ እሷ ቤት ነው፤ እንግዳ በገባ ቁጥር ሳላስበው ብድግ እልና ማስጎብኘት እጀምራለሁ። «ይህ ቁም ሣጥን የባለቤቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ከዛሪማ በጭነት መኪና ሊማሊሞን አስወጥቶ ነው ያመጣው፤ በሩ ላይ ያለው ጭረት ያኔ የተፈጠረ ነው» ስል ልጄ ከጓዳ ብቅ ትላለች። «እማዬ፣ ሰዎቹ ለምሳ ነው የመጡት! ጉብኝት ማን አማራቸው?» ምን ላድርግ፣ አፌ ለምዷል። እንግዶቹም ደግ ናቸው፣ ቆመው ይሰሙኛል። ወጡ ይቀዘቅዛል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ስሜ እናኑ ነው። ዳባት ተወልጄ፣ ዳባት ተምሬ፣ ዳባት አርጅቻለሁ። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስሜን ተራሮች የሚሄድ ሰው ዳባትን በመኪና መስኮት ነው የሚያያት። «ሻይ አለ?» ብሎ ይወርዳል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ያንን ሻይ ጠጪ ወደ ግቢያችን ጎትቼ በማስገባት ነው። አንዳንዱን በእጁ ይዤ ነው ያስገባሁት፣ እውነቴን ነው።

መጀመሪያ ግን አትክልተኛ ነበርኩ። ኮሶዬ ላይ፣ ገደሉ አፋፍ፣ የእንግዳ ማረፊያ ተከፍቶ አትክልቱን እንድይዝ ቀጠሩኝ። ባለቤቱ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ አንድ ችግራቸው ሣር ነው። «እናኑ፣ ሣር ብቻ! የእንግዳው ዓይን እንዲያርፍ!» ይሉኛል። «ጌታዬ፣ ዓይኑ ገደሉ ላይ ይረፍ፤ ለገደሉ ብሎ አይደል የመጣው?» እላቸዋለሁ። እሳቸው ሲቆጡ፣ እኔ በጎን በጎኑ ጽጌረዳ ስተክል፣ ቀጋውን አጥር ሳደርግ፣ ኮሶው እንዳይቆረጥ ስለማመጥ ጥቂት ዓመታት ሄዱ። እንግዶቹ ሣራቸውን ረግጠው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ይህ ምንድን ነው፣ ያ ምን ይባላል፣ ለምን ይጠቅማል። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት እንዲያ ነው። ሰዋስው የሚባል ነገር የለውም፤ ነገር ግን አልገባኝም ብሎኝ የሄደ ሰው አላስታውስም።

አንድ ቀን የዳባት ሙዚየም ኃላፊ እንግዳ ይዘው መጡና ስለ ኮሶው ዛፍ ሳስረዳ ቆመው ሰሙኝ። ስጨርስ፣ «አንቺ ሴት፣ ስለ ዛፍ እንዲህ ካወራሽ ስለ ሰው ዕቃማ ምን ልትይ ነው?» አሉኝ። በሳምንቱ ሥራ ቀየርኩ። ደመወዙን አታንሱት፤ ይሻል ነበር፣ ያውም ትንሽ።

ሙዚየማችን የድሮ ባላባት ግቢ ነው። የዳባት ሰው «ፎቁ» ይለዋል። በድንጋይ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ ዙሪያውን የድንጋይ አጥር፣ መካከሉ ላይ ትልቅ ወይራ፣ ከጓሮ ኮክና ጽጌረዳ። ክረምት ጉም ሲገባ ከበሩ ቆመህ ወይራው አይታይህም። በጋ ደግሞ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ይመጣሉ፤ ቪዲዮ አንሺው «ትንሽ ወደ ኋላ! ትንሽ ወደ ኋላ!» እያለ ሙሽራይቱን ጽጌረዳዬ ላይ ያስቀምጥልኛል። ስንት ጊዜ ከቬሎ እሾህ ነቅያለሁ መሰላችሁ! እየተሳደብኩ እነቅላለሁ፣ ነቅዬ ስጨርስ እመርቃለሁ።

ከሌሎች ሙዚየሞች የሚለየን አንድ ነገር አለ። ዕቃው የእኛ አይደለም። ጋሻው፣ በገናው፣ የብራና መጽሐፉ፣ የፈረስ ዕቃው፣ ሁሉም የሰው ቤት ወይም የደብር ንብረት ሆኖ በአደራ የተቀመጠ ነው። ያስቀመጡት ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ግዴታ አድርገዋል፦ ደስታ ሲሆን፣ ንግሥ ሲሆን፣ ተዝካር ሲሆን ዕቃው ቤቱ ይሄዳል። እኛ «ተጠራ» እንላለን። ጎብኚ መጥቶ «እዚህ ጋ ምን ነበር?» ብሎ ባዶውን ቦታ ቢያሳየን፣ «ተጠርቶ ሄዷል፣ በሳምንቱ ይመጣል» ነው መልሳችን። ፈረንጆቹ ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ አንዷማ ባዶውን ቦታ ፎቶ አንሥታ ሄደች።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። የደባርቅ ሰው ናቸው፤ ቤተሰባቸው ገበያው ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ወጣትነታቸውን በልብስ ስፌት ጨርሰው ዓይናቸው ሲደክም የሙዚየሙን ልብሶች እንዲጠብቁ ተቀጠሩ። በኋላ ግን የሁሉም ዕቃ ጠባቂ እሳቸው ሆኑ። እሳቸው እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ሥጋ አብረን አንበላም፣ ሽሮ ግን ከአንድ ሳሕን ነበር። «እናኑ፣ የጦም ቀን ባይኖርሽ ኖሮ ምሳዬን ብቻዬን ነበር የምበላው» ይሉኝ ነበር።

ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ወዲያው አይገቡም። ደፍ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ያስቀድማሉ። «ዛሬ የፈረስ ዕቃው ሸቷል፣ እርጥበት ገብቷል» ይላሉ፤ ሄደን ስንነካው እውነትም ቆዳው ለስልሷል። እጃቸውን ታጥበው ፀሐይ ላይ ዘርግተው እስኪደርቅ ይቆማሉ፤ ጨርቅ በእርጥብ እጅ የነካሁ ዕለት የተቆጡኝን ቁጣ አባቴም አልተቆጣኝም። ብል መግባቱን ለማወቅ ከልብሱ ሥር ነጭ ጨርቅ ያነጥፉና ልብሱን ከላይ በጣታቸው ቸብ ቸብ ያደርጉታል፤ የወደቀውን ትቢያ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ከፋይ አይታጠፍም፣ ይጠቀለላል። ከፋይ በመርፌ ከተበሳ ቀዳዳው አይጠፋም። ይህን ሁሉ እንደ ፊደል ነው ያስቆጠሩኝ።

ጎብኚ ሲመጣም ዝም ብለው ወደ ቤቱ አያስገቡም። መጀመሪያ ወይራው ጥላ ሥር ያቆሟቸዋል፤ ስለ ዛፉ ትንሽ፣ ስለ አጥሩ ትንሽ ያወራሉ። እኔ ለጨዋታ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሲነግሩኝ ለካ ለዓይን ነው፤ ከፀሐይ ቀጥታ ጨለማ ክፍል የገባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ዕቃዎች ሳያይ ያልፋቸዋል። ሌላም አላቸው። ዕቃውን ከማስተዋወቃቸው በፊት ባለቤቱን ያስተዋውቃሉ። «ይህ ጋሻ ነው» አይሉም፤ «እገሌ የሚባሉ የወቅን ገበሬ አሉ፣ ንብ ያረባሉ፣ ይህ የአያታቸው ጋሻ ነው» ይላሉ። አንድ ጊዜ ባለ ጋሻው ራሳቸው ከጎብኚ ጋር ገብተው ኖሮ፣ «ንቡማ ዘንድሮ ኮበለለብኝ!» ብለው ከኋላ ሲጮሁ ሁላችንም ሳቅን።

አሁን ስለ ከበሮው ልንገራችሁ። የሥራ ዘመኔ ክፉ ቀን እሱ ነው።

ከበሮው የአንድ የበየዳ ደብር ነው። ዕድሜውን የሚያውቅ የለም። ደብሩ አዲስ ከበሮ ገዝቶ አሮጌውን እኛ ዘንድ አስቀመጠ፤ በኅዳር ሚካኤል ግን ይጠሩታል። ሁልጊዜ አብረውት የሚሄዱት ጋሽ ሰይድ ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮ በበቅሎ አስጭነው እስከ በየዳ ይሸኙታል፤ ማኅሌቱ እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጭ አንድ ገበሬ ቤት ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ሲያልቅ ተረክበው ይመለሳሉ። ካህናቱ በጣም ይወዷቸው ነበር። ያን ዓመት ግን እግራቸውን አሞአቸው አልጋ ላይ ዋሉ። እኔ ከሩቅ የመጡ መምህራን ተቀብዬ ነበር። ኃላፊው «የራሳቸው ዕቃ አይደል፣ ይውሰዱት፣ ያመጡታል» አሉና ከበሮው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ወጣ።

በየዳ ስሜን ደጋው ላይ ነው፤ ብርዱ የታወቀ ነው። የንግሡ ዋዜማ ከበሮው ብርድ አግኝቶት ቆዳው ረገበ፤ ድምፁ ጠፋ። እንግዲህ ከበሮ ሲረግብ አገሩ ምን ያደርጋል? እሳት ያሞቀዋል። አባቶቻቸው ያደርጉት የነበረ ነው፤ እነሱም አደረጉት። ከበሮው ግን እነሱ የሚያውቁት ከበሮ መሆኑን ትቶ ነበር። ብል እንዳይበላው፣ ሻጋታ እንዳይዘው ብለን ለዓመታት በደረቅ ክፍል ስናኖረው ቆዳው እንደ ቂጣ ደርቋል። እሳቱ ሲነካው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

ጋሽ ሰይድ ቢኖሩ እሳት አያስነኩትም ነበር፤ ጠዋት ፀሐይ ላይ ቀስ አድርገው ነበር የሚያሞቁት፣ ሁልጊዜም እንዲያ ነው የሚያደርጉት። ወሬውን እንደሰማሁ በጭነት መኪና፣ ከዚያም በእግሬ ሄድኩ። የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ እያለቀስኩ ሲያዩኝ ግራ ገባቸው። «ልጄ፣ ሰው የሞተ መሰለኝ እኮ! ከበሮ አይደል? ይጠፈራል» አሉኝ። በእርግጥም ሌላ ቆዳ ተዘጋጅቶለታል። አሮጌው ቆዳ፣ ስንት እጅ የመታው፣ ውጭ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። «አባቴ፣ እንግዲህ መቼ እንውሰደው?» ብላቸው ቄሱ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ከእንግዲህስ እዚሁ እየተመታ ይኑር። እናንተ ዘንድ ቆሞ ደረቀ እኮ» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ግን የመጣሁበትን መንገድ እያለቀስኩ ተመለስኩ።

ጋሽ ሰይድ አልጋቸው ላይ ሆነው ሰሙኝ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ዕቃ አትከልክሉ፤ ብቻውን ግን አትስደዱ። ሲጠራ አብረሽ ሂጂ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ሥራ አልተመለሱም። ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ የበየዳው ቄስ መጥተው ከመቃብሩ ራቅ ብለው ሲያለቅሱ አየኋቸው። ጋሽ ሰይድን አሁንም ሳስባቸው ደስ ይለኛል፤ እጄን ስታጠብ ሁሉ ፀሐይ ፍለጋ እወጣለሁ።

እማማ ጥሩአየሁ ከካባቸው ጋር የመጡት ከጋሽ ሰይድ በኋላ ነው። የኮሶዬ ሰው ናቸው። ከሚኒባስ ሲወርዱ ነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ጥቁር ከፋይ፣ አንገቱና ደረቱ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ፣ የአባታቸው ካባ። የቤቱ ወንዶች ሁሉ ሙሽራ የሆኑት በዚህ ካባ ነው። «ቤቴ ያፈሳል፤ አይጥም አለ። እናንተ ዘንድ ይሻላል ብለውኝ ነው። ነገር ግን አንድ የልጅ ልጅ ቀርቶኛል፤ እሱ ሲያገባ እጠራዋለሁ» አሉ። ኃላፊው በቃላቸው ተስማሙ። እኔም ሰምቻለሁ። ካባውን ከትከሻ እስከ ግርጌ በሚያሳይ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ሰቀልነው፤ ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ጊዜ ከማናፈስ በቀር ማንም አልነካውም።

ከዚያ መንገዱ ተዘግቶ ጎብኚ የጠፋባቸው ዓመታት መጡ፤ ሣር አጨድኩ፣ ኮክ ለቀምኩ። መንገዱ ሲከፈት አዲስ ኃላፊ ተሾመልን፤ ዳንኤል ይባላል። በልጄ ዕድሜ ነው። ሰው ፊት «አቶ ዳንኤል፣ እርስዎ» እለዋለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን «አንተ» ነው፤ አንዳንዴ ግን ሰው ፊትም ያመልጠኛል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሥራውን ይወዳል፣ ጣሪያውን ያሳደሰልን እሱ ነው። ነገር ግን የከበሮውን ታሪክ ሰምቶ ደንግጧል። «እትዬ እናኑ፣ ከእንግዲህ ከዚህ ግቢ ክር አይወጣም» አለኝ። አደራ ሰጪዎቹ ሲሰሙ አጉረመረሙ። የወቅኑ ሰውዬ «ጋሻዬን አሰራችሁት ማለት ነው?» አሉኝ።

እማማ ጥሩአየሁ የመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው። በከዘራ ነው የሚሄዱት፤ ዓይናቸው ደክሟል። «እናኑ፣ ሀብቴ ሊያገባ ነው። ካባውን ጠርቼዋለሁ» አሉኝ። ሀብቴ ጎንደር መካኒክ ነው፤ አባቱ አበራ የሚባለው የእማማ የመጨረሻ ልጅ ነበር፤ ሀብቴ ገና በዳዴ ሲሄድ ሞቶበታል። ያሳደጉት አያቱ ናቸው። ዳንኤል ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፣ እጃቸውን ይዞ በትሕትና አስረዳቸው። ካባው እንዳይበላሽ ነው፤ ከፈለጉ ሙሽራው እዚህ መጥቶ ይልበስ፣ ወይራው ሥር ፎቶ ይነሣ፣ ሙዚየሙ ድንኳን ይጥላል። እማማ እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ልጄ፣ ሙሽራ ካባ የሚለብሰው ከቤቱ ደፍ ላይ ነው። የማለብሰው እኔ ነኝ። እናንተ ግቢ ምን ደፍ አለኝ?» አሉት። ቀጥለውም ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ «ካልሆነ ለዘለቄታው ልውሰደው። አይጥ ቢበላውም ለብሰነው ይበላው» አሉ።

ነገሩ የአንድ ካባ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም ገብቶናል። እማማ ካባቸውን ይዘው ከወጡ የወቅኑ ሰውዬ በማግሥቱ ጋሻቸውን ይወስዳሉ፣ በገናው ይከተላል፣ ፎቁ ባዶ ይቀራል። ካባው ወጥቶ ከተበላሸ ደግሞ ዳንኤል የሚናገረው የለውም። ልጁ ፊቱ ገርጥቶ ወደ እኔ አየ።

«ካባው ይሂድ፤ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ሲለበስ እቆማለሁ፣ ሲወልቅ እረከባለሁ» አልኩት።

«ዝናብ ቢሆንስ?»

«አንተ ጃንጥላ ትይዛለሃ! አብረኸን ነህ እንጂ።»

ሄዶ የመስታወት ሣጥኑን ከፍቶ ካባውን አየው። ከዚያ «እሺ፤ ግን እትዬ እናኑ፣ መርፌ አይነካውም፣ ውሃ አይነካውም፣ ጠጅ አይነካውም» አለ። «ሙሽራውስ ይነካዋል?» ብለው እማማ ሲጠይቁት እሱም ሳቀ።

ካባውን በካርቶን ጥቅል ላይ ጠቅልዬ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ጭኔ ላይ አድርጌ ከዳባት ወደ ኮሶዬ በሚኒባስ ሄድን። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ሕፃን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ አሁን ነው የተኛልኝ» አልኳት። ኮሶዬ እስክንደርስ በሹክሹክታ ነበር የምታወራኝ፤ ዳንኤል በመስኮት እያየ ሳቁን ሊያፍን ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሌሊቱን ያለ ወሩ ዘንቦ አድሮ የእማማ ደጅ ጭቃ ሆኗል። ዳሱ ውስጥ ሰው ሞልቷል፣ ሚዜዎቹ መኪና አስጊጠው ቆመዋል፣ ዘፈኑ ቀልጧል። ሀብቴ በነጭ ልብሱ ደፉ ላይ ቆመ። አጭር ልጅ ነው። አጎቶቹ ግራና ቀኝ ቆመው፣ ሁሉም ዘንካታ፣ እሱ በመካከላቸው ጠፍቷል። እማማ በከዘራቸው ተደግፈው፣ እኔ ከኋላ ይዤላቸው፣ ካባውን ትከሻው ላይ ጣሉለት። እልል ተባለ። ወዲያው ደግሞ እልልታው ቀዘቀዘ። ካባው መሬት ላይ ተዘርግቷል። አንድ እርምጃ ቢራመድ ከፋዩ ጭቃ ነው።

ዳንኤል ዘሎ ግርጌውን በሁለት እጁ ያዘው። ከሚዜዎቹ አንዱ «እኛ ከኋላ እንያዝለት» አለ።

«ሙሽራ ጅራቱን አስይዞ አይሄድም!» አሉ እማማ።

ሀብቴ ራሱን አቀረቀረ። «እማማ፣ ይቅርብኝ። ሱፍ አለኝ። ይህ ለእነ አባቴ ቁመት ነው የተሠራው፤ እኔ ምን አለኝ» አለ። አንጀቴን በላኝ። ለእማማ ደግሞ ያን ያህል ዓመት የጠበቁት ቀን ነው።

«መርፌና ጥቁር ክር ስጡኝ» አልኩ።

«እትዬ እናኑ! መርፌ?» ዳንኤል ጭቃው ውስጥ እንደ ተንበረከከ ነው። «ከፋይ ከተበሳ አይድንም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። እስቲ ልየው።»

መነጽሬን አድርጌ ግርጌውን ገለበጥኩት። ሁልጊዜ ከፊት እንጂ ከገበሩ በኩል አይቼው አላውቅም፤ ሰቅለነው ነዋ የኖረው። ከገበሩ በላይ፣ ከፋዩ ላይ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በመስመር ሄደዋል። አንድ መስመር፣ ከሱ ከፍ ብሎ ሌላ፣ ከዚያም ከፍ ብሎ ሌላ። የድሮ እጥፋት ነው። ካባው ታጥፎ፣ ተሰፍቶ፣ ተፈትቶ ያውቃል።

«እማማ፣ ይህን ማን ነው ያጠፈው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኛ! ለእያንዳንዱ ልጄ በቁመቱ አጥፌለታለሁ፤ መርፌ አይነካውም ስላላችሁኝ ነው እንጂ። አምጪው» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። ዓይናቸው አያይላቸውም፤ ጣታቸውን ከፋዩ ላይ አሳለፉ። «ይህ የታችኛው የበኩሬ ነው። ይህ የመካከለኛው።» ጣታቸው ወደ ላይኛው መስመር ወጣና ቆመ። «ይህ አበራ ነው» አሉ።

ሀብቴ ከላይ ቆሞ እያያቸው ነው። ካባውን በላይኛው መስመር ልክ አጠፍኩት። ዳንኤል ጫፉን ወጥሮ ያዘልኝ። ልቀቀው ስለው ካባው ወረደና ከሀብቴ ቁርጭምጭሚት በላይ፣ ካባ ሊያርፍ የሚገባው ቦታ ላይ፣ ቀጥ ብሎ አረፈ። መሬቱን አልነካ፣ አላጠረ።

«አባቴ ረጅም አልነበረም እንዴ?» አለ ሀብቴ።

«ማን ነው ያለህ?»

«ሁሉም ነዋ የሚለኝ። ግዙፍ ሰው ነበር፣ አንተ የወጣኸው በማን ነው እያሉ።»

እማማ ወደ አጎቶቹ ዞሩና «የማትረቡ!» አሏቸው። ከዚያ ተነሥተው በእጃቸው የሀብቴን ትከሻ፣ አንገቱን፣ ራሱን ዳሰሱት። «አበራዬ ያንተን ያህል ነበር። ከዚህ አይበልጥም፣ ከዚህ አያንስም። በዚች እጄ እኔ ነኝ ያጠፍኩለት» አሉት።

ሚዜው ሰዓቱን እያየ «ሙሽራው፣ እንሂድ እንጂ» ሲል ሀብቴ እጁን አነሣበት። «ቆይ። ትንሽ ልቁም» አለ። ደፉ ላይ ቆመ፣ እንባው ይወርዳል፣ አይጠርገውም። እኔ ተንበርክኬ እየሰፋሁ አለቀስኩ፤ ዳንኤልም አለቀሰ፣ ከዚያ በኋላ ጭስ ነው ቢልም በአካባቢው እሳት አልነበረም። ሰፍቼ ጨረስኩ፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። እማማ ራሳቸው እልልታውን ጀመሩት።

እዚያው አድረን በማግሥቱ ካባውን ልረከብ ስል እማማ ጠቅልለው አዘጋጅተው ጠበቁኝ። ዳንኤልን «እንግዲህ እንዳመጣኸው ውሰደው፤ ስንጠራህ ግን ጃንጥላህን ይዘህ ና» አሉት። እኔን ደግሞ «ስፌቱን ፍቺው፤ የሚወለደው ምን ያህል እንደሚሆን ማን ያውቃል» አሉኝ። ወሬው ወቅን ሲደርስ የጋሻው ባለቤት ጋሻቸውን ሊወስዱ ሳይሆን የአባታቸውን ኮርቻ ሊጨምሩልን መጡ። ዳንኤልም ደንቡን ቀየረ፤ አሁን ዕቃ ከጠባቂ ጋር ይወጣል።

እኔ ጡረታዬ ደርሶ ነበር። የመጨረሻ ሥራዬ ያንን ስፌት መፍታት ሆነ። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ክሩን አንድ በአንድ ሳወጣ ዳንኤል አጉሊ መነጽሩን ይዞ አጠገቤ ቆመ፤ ስንት አዲስ ቀዳዳ እንዳበጀሁ ሊያይ ነው። ከዳር እስከ ዳር አየ። ተመልሶም አየ። አንድም አላገኘም፤ መርፌዬ የገባው ለአባትየው በተሰፋበት ቀዳዳ ነው። አሁን ካባው ሣጥኑ ውስጥ ተሰቅሏል። የአባትና የልጅ ሠርግ አንድ መስመር ላይ ነው፣ ማንም ሊለያቸው አይችልም።